የማታ ትምህርት የምትሄደው ፒካፕ

ቢቸና፣ ጥቅምት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለስርጉት ሣህለ ማርያም፣ ሞጣ

በዚህች ፒካፕ ሠላሳ ኩንታል ጤፍ ጭኜ የዓባይን ዳገት ማርሽ ሳልቀይር ወጥቻለሁ። እሺ፣ ሠላሳ አይደለም፣ አሥራ አንድ ነው። ማርሽም ሁለት ጊዜ ቀይሬያለሁ። ዳገቱ ግን ዓባይ ነው፤ እሱን አልቀንስም።

ከሰላምታ በፊት መኪና ማስቀደም ነውር መሆኑን መሪጌታ ወልደ ኪዳን አስተምረውኛል። ግን ወረቀት ላይ ከወረደ ወረደ፤ መሰረዝ አልወድም። እንግዲህ ሰላምታው ይኸውልሽ፦ ጊዮርጊስ የጋራዥሽን ደጃፍ ይጠብቅልሽ፣ እጅሽን ከሥራ፣ ቤትሽን ከእንግዳ አይለየው። እኛ እንበላለን፣ እንተኛለን፣ ተመስገን።

ጽሕፈቱ የማን ነው ብለሽ ወረቀቱን አታገላብጪ። የኔ ነው። በአውራ ጣቱ ሲፈርም የኖረው የአባትሽ የአክስት ልጅ በሃምሳ ስምንት ዓመቱ ፊደል ቆጥሮ ጨረሰ። በሰበካው አዳራሽ መሪጌታ የሚያስተምሩት የማታ ትምህርት አለ። የማታ ይባላል እንጂ ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው የምንበተነው፤ ምክንያቱን አንቺም ታውቂዋለሽ። ከሃያ አራት ሰው አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ። የስልክ መስመሩ ከተቋረጠ ወዲህ ዕውቀቴን የምፈትነው ባንቺ ላይ ነው።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ፒካፗን አምና ባሕር ዛፉን በሙሉ ሸጬ ነው የገዛኋት፣ አንድ የእርዳታ ድርጅት በጨረታ ሲያወጣት። ነጭ፣ ደብል ጋቢና፣ ናፍጣ። ጤፍ ላመላልስባት ነበር። መንገዱ ግን አንድ ቀን ሲከፈት ሦስት ቀን እየተዘጋ ይኸው እዚሁ ቀረን። አሁን ሥራዋ ወፍጮ ቤት መሄድ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን መሄድ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ደግሞ የማታ ትምህርት መሄድ ነው። አዳራሹ ከቤቴ ሰባት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። ሰው ሁሉ በእግሩ ሲሄድ እኔ ደብተሬን ጋቢና አስቀምጬ እሄዳለሁ። የክፍል ጓደኞቼ ‹‹ተማሪዋ መጣች!›› ይሏታል። በማልነዳት ቀን ደግሞ ጠዋት ጠዋት ግቢ ውስጥ አስነስቼ አንድ ሰዓት አቆማታለሁ። ለበቅሎ ገብስ እንደሚሰጠው ማለት ነው፣ ደሟ እንዳይረጋ።

ከሁለት ሳምንት ወዲህ ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት ቢጫ መብራት በርታለች። ሣጥን ትመስላለች፣ ውስጧ እንደ ጤፍ ፍሬ ነጠብጣብ አለበት። ጉልበቷም ቀንሷል። ሰው ‹‹ናፍጣ ፒካፕ ለሰፈር ውስጥ አትሆንም፣ ሽጣት›› ይለኛል። እኔ ደግሞ ዓባይን የወጣች መኪና ሰባት መቶ እርምጃ እንዴት ያቅታታል እላለሁ። ማነው ልክ? አንቺ ፍረጂ።

የማልሸጥበትን ምክንያት ግን እወቂው። ልጄ ሰብለ ወንጌል አርግዛለች፤ ለጥር መጨረሻ ነው። ባሏ ለሥራ መተማ እንደወረደ መመለሻ አጥቶ ቀርቷል። ሐኪሟ ‹‹የልጁ አቀማመጥ አላማረኝም፣ ወሩ ሲገባ ሞጣ ሄደሽ ብትወልጂ ይሻላል›› ብላታለች። እናቷ እሷን በወለደች ቀን በሰው ትከሻ፣ በቃሬዛ ነው የሄደችው። አልተመለሰችም። ልጄ በቃሬዛ አትሄድም። ለዚህ ነው የማልሸጣት።

ደብዳቤውን የምታደርስልሽ አገሬ የምትባለው ነጭ ሽንኩርት ነጋዴ ናት። መልስሽን ለእሷ ስጫት።

ሰርዞ የማያውቀው አጎትሽ ቢያድግልኝ
(ሦስት ቦታ ሰርዣለሁ።)


ሞጣ፣ ጥቅምት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአያ ቢያድግልኝ፣ ቢቸና

የእርስዎንም የሰብለ ወንጌልንም ጤና፣ የግቢውንም ሰላም ሁሉን የያዘው ጌታ ይጠብቅልኝ። ደብዳቤዎን ጋራዡ በር ላይ ቆሜ አነበብኩት። ከሳቅኩ ብዙ ጊዜዬ ነበር፤ ተመስገን፣ ሳቅኩ። አባቴ ቢኖር ግድግዳው ላይ ይለጥፈው ነበር።

ሰዎቹ ልክ ናቸው፤ እርስዎም ግማሽ ልክ ነዎት። የናፍጣ ሞተር ቶሎ አይሞቅም። ሰባት መቶ እርምጃ ሄዳ ስትጠፋ ገና ቀዝቃዛ ናት። ሳይሞቅ የሚቃጠል ናፍጣ ደግሞ ጥቀርሻ ያበዛል። የድሮዎቹ ፒካፖች ጥቀርሻቸውን በማርሚታቸው፣ በጭስ ማውጫቸው በኩል፣ ሜዳ ላይ ይተፉታል፣ ምንም አይሆኑም። የእርስዎ ለአውሮፓ የተሠራች ስለሆነች ጭሱ ከመውጣቱ በፊት የሚያልፍበት ማጣሪያ አላት። ጥቀርሻው እዚያ ይጠራቀማል። ማጣሪያው ራሱን የሚያጸዳው ሲግል ብቻ ነው፣ ለመጋል ደግሞ ረጅም መንገድ መሮጥ አለባት። ያች ቢጫ መብራት ‹‹ሞላሁ›› እያለችዎ ነው። ጠዋት ጠዋት በቁሟ ማስነሳትዎ ከሁሉም የባሰ ነው። ገብስ አይደለም ያበሏት አያ፣ ጥቀርሻ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ይተውት።

መድኃኒቷ ቀላል ነው። ላምባ ያልተቀላቀለበት ናፍጣ ይሙሉላት። ሜዳ መንገድ ያውጧትና በሦስተኛና በአራተኛ ማርሽ ነዳጅ እየሰጡ ሳይቆሙ አርባ ደቂቃ ያህል ይንዷት። መጽዳት ስትጀምር ጎማ የተቃጠለ የሚመስል ሽታ ይመጣል፤ አይደንግጡ። ትልቁ ነገር ይህ ነው፦ ሳትጨርስ ሞተሩን እንዳያጠፉት። መሐል ላይ ከጠፋ ከነበረችበት ትብሳለች። የደብረ ወርቅ መንገድ ይበቃት ነበር፣ የሚኬድበት ቀን ከተገኘ።

እንደ ልጅዎ ከጠየቁኝ ደግሞ ሰብለን አምጥተው ይሽጧት። ለወፍጮ ቤት ባጃጅ ይበቃል፣ ለማታ ትምህርትም እግር አለ። ሌላም ነገር አለ፣ በወረቀት ማስፋት አልፈልግም። እዚህ ፒካፕ ያላቸው ሰዎች አራቱንም ጎማ እያወለቁ መኪናቸውን ድንጋይ ላይ አስቀምጠዋል። ጎማው ስላለቀ አይደለም።

አንድ ልመና አለኝ። ወንድሜ እዮብ ከሰኔ ጀምሮ ድምፁ የለም። አዲስ አበባ ጋራዥ ገባሁ ብሎን ነበር። አሁን በቢቸና በኩል ሲያልፍ አየነው የሚሉ ሰዎች አሉ። እርስዎ በሕፃንነቱ ነው የሚያውቁት፣ ግን አይስቱትም። መዳፉን በሞተሩ ክዳን፣ በኮፈኑ ላይ አድርጎ፣ ዐይኑን ጨፍኖ የሞተርን ሕመም የሚናገር እሱ ነው። አባቴ ‹‹ሐኪሜ›› ይለው ነበር። ካዩት፣ ከሰሙም፣ ክፉም ቢሆን ይጻፉልኝ።

ስርጉት


ቢቸና፣ ኅዳር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለስርጉት

የላክሽልንን ደብዳቤ ያደረሰን አምላክ አንቺንም ከዚያው ከደጅሽ አያርቅሽ። ሰብለ ወንጌል ሆዷ ገፍቷል፣ ሰላም ትልሻለች። የዘገየሁት ስንፍና ይዞኝ አይደለም፤ አገሬ ሁለት ሳምንት መንገድ አጥታ ተቀምጣ ነበር።

መድኃኒትሽን ልሰጣት ቀን ቆርጬ ነበር። ናፍጣ በጀሪካን ገዛሁ፣ አሽትቼ፣ ላምባ የለውም። ከዚያ ባለፈው ማክሰኞ ከትምህርት ስወጣ ሦስት ሰዎች ፒካፗን ከበው ቆመው አገኘሁ። አላውቃቸውም። የማን እንደሆኑም አልጠየቅኩ፤ ዛሬ ያ አይጠየቅም። በዕድሜ ገፋ ያለው፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው፣

‹‹አባት፣ መኪናዋ የእርስዎ ናት?›› አለኝ።

‹‹የማን ልትሆን ኖሯል! ዓባይን ማርሽ ሳትቀይር የወጣች ናት›› አልኩት። ምላሴን ምን ላድርገው ስርጉት፣ መመካት ከጀመረ ፍሬን የለውም።

‹‹ጎበዝ ናት ማለት ነዋ። እንግዲያ ለአንድ ቀን ያውሱን።››

 ‹‹ታማለች›› አልኩ።

‹‹አሁን ጎበዝ ናት አላሉም?››

‹‹ነበረች። መካኒክ የጻፈልኝ አለ፣ ላንብብላችሁ።››

ደብዳቤሽን ከኪሴ አወጣሁ። መሪጌታ እንዳስተማሩን ቀጥ ብዬ ቆሜ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ነጥቡን ሳልዘል አነበብኩላቸው። በሕይወቴ እንደዚያ ጥሩ አንብቤ አላውቅም። ‹‹ሞላሁ እያለችዎ ነው›› እስከሚለው ደረስኩ። መድኃኒቷ ጋ ስደርስ ሳል መጣብኝ፣ ወረቀቱን አጠፍኩት። ከሦስቱ አንዱ ገብቶ አስነሳት፣ አዳራሹን አንድ ጊዜ ዞረባት። ከሰው እርምጃ አልፈጠነችም። ወርዶ ለትልቁ ሰው ‹አትሆንም› እንደማለት ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ደብዳቤሽን ከእጄ ወሰደና በደረት ኪሱ ከተተው።

ትልቁ ሰው ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝና ‹‹እግዜር ይማርልዎ አባት። ስትድን እንመጣለን›› አለኝ።

እንግዲህ ጥያቄዬ ተገልብጧል። ፊት እንዴት ትድናለች ብዬሽ ነበር። አሁን እንዴት አድርጌ ሳትሞት ታማ ላክርማት ነው የምልሽ። ጠዋት ጠዋት በቁሟ ማስነሳቱን እንደገና ጀምሬያለሁ። ናፍጣ ፒካፕ ለሰፈር መንገድ አትሆንም ያለ ሁሉ ይምጣና ይይ፣ አለመሆኗ ነው ያተረፈልኝ።

ስለ እዮብ የጠየቅሽኝን አላየሁም፣ አልሰማሁም። ያሳጠርኩት ወረቀቱ ስላለቀ ነው።

የአንባቢዎች አለቃ ቢያድግልኝ


ሞጣ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአያ ቢያድግልኝ

ጤናዎ ይብዛልኝ፣ የሰብለን ቀን እመቤቴ ታቅልልኝ። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ጀምሮ ብዕር አንስቼ ሁለት ጊዜ አስቀምጫለሁ። ‹‹መኪናዬን እንዴት ታማ ላክርማት›› ብሎ የጠየቀኝ ሰው እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት። አባቴ ይህን አላስተማረኝም።

ግን እመልስልዎታለሁ። መብራቷ አንዲት ቢጫ እስከሆነች ድረስ ትድናለች። ሌላ መብራት ከጎኗ ከበራ አበቃ፤ መንገድ መሐል ትተውዎታለች። መቼ መሰለዎት የምትተውዎ? ሰብለ ኋላ ወንበር ላይ ምጥ ይዟት ሳለ ነው። ስለዚህ ማስነሳቱን ዛሬውኑ ያቁሙ።

የማስበው እንዲህ ነው። የምትድንበት መንገድና ሰብለ የምትመጣበት መንገድ አንድ ይሁን። ቢቸና ውስጥ ድና የምትታይበት አንድ ቀን እንኳ አይኑር። መንገዱ የሚከፈትበትን ቀን ይጠብቁ። እንደታመመች ከግቢ ያውጧት፣ ደብረ ወርቅን እስክታልፉ ትጸዳለች፣ ሳትቆሙ ሞጣ ግቡ። የመውለጃዋን ቀን መድረስ አይጠብቁ። ክፍሉን አዘጋጅቻለሁ፣ አልጋ አስገብቻለሁ።

አሁን ደግሞ የተቆጣሁበትን። ኅዳር 29 ሁለት ሰዎች ጋራዡ መጡ። አንዱ ድምፁ ዝግ ያለ ትልቅ ሰው ነው።

‹‹ለቢቸናው ሽማግሌ የጻፍሽው መካኒክ አንቺ ነሽ?›› አለኝ።

‹‹ጎማ ነው የምለጥፈው›› አልኩት።

‹‹ደብዳቤሽን አይቻለሁ። ጥሩ ትጽፊያለሽ፣ ሁሉንም ታውቂያለሽ። የሚታዩ ሦስት ፒካፖች አሉን፣ ከእኛ ጋር ብትሄጂ።››

ሌላኛው አልገባም። ጋቢውን እስከ ዐይኑ ተከናንቦ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ በሩ ላይ ቆመ። ሰውየው ሲናገር አልዞረም፣ ሲወጣም አልዞረም። አያ፣ ከሚናገረው ይልቅ እሱን ፈራሁት። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

እኔም የእርስዎን ቃል ሰረቅኩ። ‹‹ታምሜያለሁ›› አልኩት። ‹‹እንግዲያ ስትድኚ እንመጣለን›› አለኝ።

ደብዳቤዬን ለማንም እንዳያነቡ፤ ማንበብ ባስተማሩዎት መሪጌታ ስም እለምንዎታለሁ። ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ስለ እዮብ ‹‹ያሳጠርኩት ወረቀቱ ስላለቀ ነው›› ብለውኛል። ወረቀቱ ግማሹ ባዶ ነበር።

ስርጉት


ሞጣ፣ ጥር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአያ ቢያድግልኝ

እንደምን ሰነበቱ ማለት ራሱ ከበደኝ። አገሬ ትናንት ገብታለች፣ ከእርስዎ ምንም አልያዘችም። ደብዳቤዬን በእጅዎ እንደሰጠችዎ ትምላለች። ‹‹አነበበና ወደ መኪናው ሄዶ ተቀመጠ፣ ከዚያ አልወረደም፣ ስጠብቀው ጊዜ ሄደብኝ›› አለችኝ።

የጋራዡን ሰሌዳ አውርጃለሁ። ለጥምቀት መንገዱ ጥቂት ቀን ይከፈታል ይባላል። ከሰሙ ይምጡ። ሌላ ምንም አልልም፣ ይምጡ ብቻ።

ስርጉት


መርጡለ ማርያም፣ ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለስርጉት

ሰብለ ወንጌል በሕይወት አለች። ልጁም አለ፣ ወንድ ነው፣ እንደ ፍየል ይጮኻል። ይህን ያስቀደምኩት ቀሪውን እስክታነቢ ድረስ ልብሽ እንዲቆይልሽ ነው። ሰላምታውን ዛሬ ይቅር በይኝ።

እንዳልሽው አደረግኩ። ጥር 9 ቀን መንገዱ ተከፈተ ተባለ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የእድሩን ድንኳን ከኋላ ጭኜ፣ ሰብለን ትራስ ደርቤላት፣ ሞተሩ እያቃሰተ ከግቢ ወጣሁ። ሰው ሁሉ ለቅሶ የምሄድ መስሎታል። ሜዳው ላይ ስደርስ ሦስተኛ አስገብቼ ነዳጅ ሰጠኋት። መጀመሪያ ጥቁር ጭስ ተፋች። እየቆየች እየፈታች መጣች። ደብረ ወርቅን እንዳለፍን ሽታው መጣ።

‹‹አባዬ፣ ጎማ እየተቃጠለ ነው!›› አለችኝ ሰብለ።

‹‹ጎማ አይደለም፣ መድኃኒት ነው! ስርጉት ጽፋዋለች!›› ብዬ እልል አልኩ። ስርጉት፣ ያን ጊዜ ያንቺን ክፍልና አልጋ በዐይኔ አየሁት።

 ሰብለን በመስታወቱ ሳያት ግን የወንበሩን ጫፍ ነክሳለች። ቀኗ ገና ነበር፣ ምጥ ግን ቀን አልጠበቀም።

አንድ የመንገድ መታጠፊያ ላይ ስንደርስ ገመድ ተወጥሯል። ያ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው መሐል መንገድ ቆሟል። መስኮቴ ጋ መጣና ሞተሩን አዳመጠ።

‹‹ዳነች?›› አለኝ።

ዞሬ ሰብለን አየኋት። 

‹‹አጥፋው፣ ውረድ›› አለኝ።

እጄን ወደ ቁልፉ ስሰድ ከኋላው ሌላ ድምፅ ‹‹እንዳታጠፋው! ገና አልጨረሰችም!›› ብሎ ጮኸ። ያ በኅዳር አዳራሹን የዞረባት ሰው ነው። ቀረበና መዳፉን ኮፈኑ ላይ አደረገ። ዐይኑን ጨፈነ። ሁላችንም እሱን ስናይ ቆምን፤ ጠመንጃ የያዙትም ጭምር። ከዚያ ኋላ መስኮት ሄዶ ሰብለን አያት።

ለትልቁ ሰው ‹‹ሴትየዋን ላድርሳት። መኪናዋን ይዤ እመለሳለሁ›› አለው።

‹‹ባትመለስስ?››

‹‹ቤቴን ታውቀዋለህ።››

ትልቁ ሰው ወደ ኋላው ወንበር አየ። ከዚያ ገመዱን አስለቀቀ።

እሱ መሪ ያዘ፣ እኔ ከልጄ ጋር ኋላ ተቀመጥኩ። ሞጣ እንደማንደርስ ሰብለ ስትጮህ ገባውና ወደ መርጡለ ማርያም ታጠፈ። ሰው እንደዚያ ሲነዳ አይቼ አላውቅም፤ ድንጋዩን ሁሉ እየመረጠ፣ እሷን ሳያናጋ፣ ግን እየበረረ። መሐል ላይ ያች ቢጫ መብራት ድርግም አለች። ‹‹ዳነች›› አለ ለራሱ። ደስ ብሎት አልነበረም።

ጤና ጣቢያው በር ድረስ ሰብለን በክንዱ ተሸክሞ አስገባት። ልጁ በእግሩ መጣ። አዋላጇ ላብ በላብ ሆና አወጣችው። ሰብለ ብዙ ደም ፈሷታል፣ እስከ ዛሬ ቀና አትልም፣ ግን ታወራለች፣ ልጁንም ታጠባዋለች።

እሱም የልጁን ድምፅ ከውጭ ሆኖ እስኪሰማ ጠበቀና ወደ መኪናው ሄደ። ተከትዬው ወጣሁ። ሞተሩን አላጠፋውም ነበር። ‹‹ወዴት ነው?›› አልኩት። ‹‹ዛሬስ ፊቴን አዙሬ አያታለሁ፣ ከዚያ እመለስላቸዋለሁ›› አለኝ። በሞጣ መንገድ ሄደ። በመስኮት እጁን እንኳ አላወጣም።

በጥምቀት ማግሥት ከዚያ በኩል የመጡ ቄስ እንዲህ አሉ፦ እሱ በሄደ ዕለት ማምሻውን በሞጣ መንገድ ዳር ላይ ነጭ ፒካፕ ቆማ አይተዋል። ሁለቱም የፊት በሮቿ ተከፍተዋል። ሰው የለባትም። ሞተሯ ይሠራል። ሰው ሁሉ ከሩቅ እያየ ያልፋታል እንጂ የሚቀርባት አልነበረም አሉ። ደብዳቤውን የሚያደርሱልሽ እሳቸው ናቸው፤ ራስሽ ጠይቂያቸው፣ እኔ ከዚህ በላይ መጠየቅ ፈራሁ።

ስርጉት፣ ዛሬ ምንም አልቀልድም። ብዙ ነገር ሳጋንንልሽ ኖሬያለሁ። ሠላሳውን ኩንታል እዚያው መልሼዋለሁ፣ ሰርዤ አላውቅም ያልኩትንም እዚያው። የፈጠርኩትና ያልመለስኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። በኅዳር ስለ ሦስቱ ሰዎች ‹‹አላውቃቸውም›› ብዬሻለሁ። አዳራሹ ፊት ቆሜ ሳነብ አንደኛው ገና ስምሽን ሳልጠራ ወረቀቱን በትከሻዬ ላይ አይቶ ጽሕፈትሽን አወቀው፣ ራሱን ደፋ። አዳራሹን ዞሮባት ሲወርድ በጆሮዬ ‹‹አያ፣ አየሁት እንዳትላት። አዲስ አበባ ነኝ ብላ ትተኛ›› አለኝ። እኔም እሺ አልኩት። በርሽ ላይ ጀርባውን ሰጥቶሽ የቆመው እሱ ነው። እዮብ ነው።